ዘፋኙ በነጻ ይዘፍናል፤ ንቅናቄያችሁስ ምን ያተርፋል?

ጥያቄው በአጭሩ ይህ ነው፦ «የተከራዮችን መብት የሚጠብቅ ሕግ እንዲወጣ የምንታገል አነስተኛ ንቅናቄ ነን። አንድ ስመ ጥር ድምፃዊ ያለ ክፍያ ሊዘፍንልን ፈቅዷል። ኮንሰርት ብናዘጋጅ ይሻላል ወይስ ለሰልፍ የሚሆን የራሳችንን ዘፈን ብናሠራ? ለመሆኑስ ሙዚቃ የፖለቲካ ለውጥ አምጥቶ ያውቃል?»

ከመጨረሻው ልጀምር። ሙዚቃ ብቻውን ሕግ ያስወጣበትን ጊዜ አላውቅም። የተደራጀ ሰው ባለበት ግን ሥራውን ያፋጥናል፤ ድርጅት በሌለበት ደግሞ ጥሩ ምሽት ሆኖ ያልፋል። የቀረው ጥያቄያችሁ ሁለት መሣሪያዎችን የሚያወዳድር ነው። ሰልፈኛው ራሱ የሚዘፍነው ዘፈን አስቀድሞ አብሯችሁ ያለውን ሰው ያጸናል፣ ፍርሃት ያስለቅቃል። ኮንሰርት ደግሞ ስማችሁን ሰምቶ የማያውቀውን ሰው ደጃችሁ ድረስ ያመጣል። አንዱን በሌላው ቦታ ካስገባችሁ ሁለቱም ይበላሻሉ። (የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ ሰው ራሱ ስለሚዘፍነው። ምሳሌው የታወቀ ነው፤ የአሜሪካ ጥቁሮች የሲቪል መብት ትግል መዝሙር የሆነው «ዊ ሻል ኦቨርካም» («እናሸንፋለን»)። ይህን ዘፈን ስቱዲዮ አልወለደውም። ሥሩ የቤተ ክርስቲያን መዝሙር ነው። በ1945 እና 1946 በሳውዝ ካሮላይና፣ ቻርለስተን ከተማ አድማ የመቱ የትምባሆ ፋብሪካ ሠራተኞች ሰልፋቸው ላይ ዘመሩት። ከእነርሱ በቴነሲ የሚገኘው የአደራጆች ማሠልጠኛ፣ ሃይላንደር ትምህርት ቤት ደረሰና ዚልፊያ ሆርተን ለሠልጣኞቹ ታስተምረው ጀመር። ዘፋኙ ፒት ሲገር ከእሷ ተቀበለ። በኤፕሪል 1960 በኖርዝ ካሮላይና፣ ራሌይ ከተማ የተማሪዎቹ የአመፅ አልባ ትግል አስተባባሪ ኮሚቴ በተመሠረተበት ጉባኤ ላይ ዘፋኙ ጋይ ካራዋን ለወጣቶቹ አስተማራቸውና በየከተማው ተበተነ። በእነዚህ ዓመታት ውስጥ ግጥሙም ዜማውም በየእጁ ትንሽ ትንሽ ተለውጧል፤ ከለውጡ ሁሉ ትልቁ «እኔ» የነበረው «እኛ» መሆኑ ነው።

ለእናንተ የሚጠቅመው አሠራሩ ነው። አንድ መስመር ይደጋገማል፤ በየአንጓው የሚለወጠው አንድ ሐረግ ብቻ ነው። ስለዚህ አውጪው አዲሱን ሐረግ ከተናገረ በኋላ ሺህ ሰው ወዲያው ሊቀበለው ይችላል፤ ወረቀት ማደል አያስፈልግም። በ1959 ፖሊስ ሃይላንደርን በሌሊት ሲፈትሽ፣ በጨለማ የተቀመጡት ከሞንትጎመሪ የመጡ ወጣቶች «አንፈራም» የሚለውን አንጓ እዚያው ጨመሩ፤ ዛሬም የዘፈኑ አካል ነው። ቀድሞ የተጻፈ፣ ስምንት የተለያዩ አንጓዎች ያሉት፣ ቤት የሚመታ ግጥም ቢሆን ኖሮ ይህ አይሆንም ነበር። በ1961 ሚሲሲፒ ውስጥ ፓርችማን እስር ቤት የገቡት፣ በአውቶቡስ እየተጓዙ የዘር መለያየትን የተቃወሙት የነጻነት ተጓዦች መዘመር አናቆምም ስላሉ ፍራሻቸውን ተነጥቀዋል። ፍራሽ አሳልፎ የሚያሰጥ ዘፈን ማንም በቃሉ የያዘው መሆን አለበት።

እንግዲህ ስታሠሩ ይህን ተጠንቀቁ። የዜማው ስፋት ከአንድ ኦክታቭ ብዙም አይለፍ። ባለሙያ ድምፃዊ ያቀናበረው ዘፈን ሰልፍ ላይ የሚወድቀው ብዙውን ጊዜ በዚህ ነው፤ ለእሱ የሚመች ከፍታ ለመንገደኛው ጩኸት ይሆንበታል። ዝቅተኛው ድምፅ ላ ወይም ሲ፣ ከፍተኛው ከላዩ ያለው ዶ ወይም ሬ ቢሆን ብዙ ሴቶች እዚያው፣ ብዙ ወንዶች አንድ ኦክታቭ ዝቅ ብለው ያወጡታል። አውጪ ስሜቱ ሲሞቅ ከፍ አድርጎ ይጀምራል፤ በሦስተኛው አንጓ ግማሹ ሰው ዝም ይላል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ የመነሻውን ድምፅ ከመጀመሩ በፊት ከስልክ መቃኛ ላይ ይስማ። ለሚራመድ ሰው ምቱ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ይሁን፤ ያ የእግር ፍጥነት ነው። ቆሞ ለሚዘፍን ግን ከዚያ ቢዘገይ ይሻላል።

ብዙዎች የማያስቡት የርቀት ጉዳይም አለ። ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ይጓዛል። ከሰልፉ ፊት 170 ሜትር ወደኋላ ያለ ሰው የፊተኛውን ድምፅ የሚሰማው ግማሽ ሰከንድ ዘግይቶ ነው፤ በደቂቃ 120 ምት ላይ ይህ ልክ አንድ ሙሉ ምት ነው። የፊቱና የኋላው እየተጋጨ ዘፈኑ የሚፈርሰው ሰው ስለማይችል አይደለም፤ ፊዚክስ ነው። በሜጋፎን ጉልበት ይስተካከላል ብላችሁ አትልፉ፤ ሜጋፎን ወፍራሙን ድምፅ ይቆርጠዋል፣ መዘግየቱንም አያጠፋውም። ይልቅ በየ30 እና 40 ሜትሩ አንድ አውጪና አንድ ከበሮ መድቡ፤ እያንዳንዱ ክፍል የራሱን ይዝፈን፤ ከጎረቤቱ ጋር የግድ አንድ እንዲሆን አትታገሉ። ከተቻለ ሁለት አጎራባች ክፍሎች የተለያየ ዘፈን ይያዙ።

አዲስ ዜማ ማሠራት ግዴታ አይደለም፤ እንዲያውም አልመክርም። የዓለም ኢንዱስትሪ ሠራተኞች ማኅበር ከ1909 ጀምሮ ያሳተመው ትንሿ ቀይ የመዝሙር መጽሐፍ አብዛኛው ይዘት በሚታወቅ ዜማ ላይ የተጻፈ አዲስ ግጥም ነው። ምክንያቱ በከፊል የመንገድ ላይ ፉክክር ነበር፦ ስፖኬን ከተማ ውስጥ የሳልቬሽን አርሚ የነፋስ መሣሪያ ባንድ የሠራተኞቹን ተናጋሪዎች ድምፅ ሲውጥባቸው፣ እነርሱ በዚያው መዝሙር ዜማ የራሳቸውን ቃል ይዘፍኑ ጀመር። ተቀናቃኙ ባንድ ሳያውቀው አጃቢ ሆነላቸው። የማኅበሩ ግጥም ጸሐፊ ጆ ሂል ከመገደሉ በፊት የጻፋቸው ዘፈኖች ብዙዎቹ በዚህ መንገድ የተሠሩ ናቸው።

ከዚህም የሚቀለው ሰዋችሁ አስቀድሞ የሚዘፍነውን ማድመጥ ነው። በጁላይ 2015 ክሊቭላንድ ውስጥ ለጥቁሮች ሕይወት የሚታገሉ አክቲቪስቶች ከስብሰባ ሲወጡ ከፖሊስ ጋር ተፋጠጡና የኬንድሪክ ላማርን «ኦልራይት» አዝማች በአንድ ድምፅ አነሡ። ዘፈኑን ለዚያ ቀን ያዘዘ ድርጅት አልነበረም፤ ሁሉም በቃሉ ያውቀው ነበር፣ አዝማቹም አጭር ነው።

አዝማች ካልን የግጥም ችግርም እዚህ ይነሣ። ሕዝብ የሚይዘው አዝማቹን ነው፤ አንጓው ውስጥ የደበቃችሁት ቁም ነገር አይደርሰውም። በ1984 የወጣው የብሩስ ስፕሪንግስቲን «ቦርን ኢን ዘ ዩኤስኤ» («አሜሪካ የተወለድኩ») አንጓዎቹ ከቬትናም የተመለሰ ወታደር ሥራ አጥቶ ሲንከራተት ይናገራሉ፤ አዝማቹ ግን ባንዲራ እንደሚያውለበልብ ሰው ይጮኻል። በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር ላይ ፕሬዚዳንት ሬገን በኒው ጀርሲ የምርጫ ንግግራቸው የዘፋኙን ስም እንደ ተስፋ አብሳሪ ጠቀሱት። እንደ ኪነ ጥበብ ተቃርኖው የዘፈኑ ውበት ነው፤ እንደ ቅስቀሳ መሣሪያ ግን ለተቃራኒው ወገን እጀታውን መስጠት ነው። ከዚህ ጋር «ሰን ሲቲ»ን አስተያዩት። በ1985 ስቲቨን ቫን ዛንት ከማይልስ ዴቪስ እስከ ራን ዲኤምሲ ያሉ ሙዚቀኞችን ሰብስቦ ያስቀረጸው ይህ ዘፈን በአፓርታይድ ዘመን ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ቦፑታትስዋና በተባለው ግዛት የነበረውን ሰን ሲቲ የተባለ መዝናኛ የሚመለከት ነው፤ አዝማቹም «እዚያ አልጫወትም» የሚል ቃል ኪዳን ነው። የሚጠየቀው ተግባር ራሱ አዝማች ሆነ። ብዙ የአሜሪካ ሬዲዮ ጣቢያዎች ሳያጫውቱት ቢቀሩም ከአንድ ሚሊዮን ዶላር በላይ ለፀረ አፓርታይድ ሥራ አስገብቷል፤ ከዚያ ወዲያ አንድ ዘፋኝ «ቦታው ምን እንደሆነ አላወቅሁም ነበር» ማለት ከበደው። በቀጣዩ ዓመት የአሜሪካ ምክር ቤት የሬገንን ተቃውሞ ሽሮ የማዕቀብ ሕግ ማውጣቱን ለዘፈኑ ብቻ የሚሰጡ አሉ፤ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችንና የጥቁር ተመራጮችን የዓመታት ሥራ መዘንጋት ነው። ለእናንተ ትምህርቱ ግልጽ ነው፦ «ፍትሕ ይስፈን» ከሚል አዝማች ይልቅ ተከራዩ ነገ ጠዋት ሊያደርገው የሚችል ነገር አዝማቹ ላይ ይቀመጥ።

አሁን ወደ ኮንሰርቱ።

ከሁሉ የተሻለው ሞዴል በእኔ እይታ የብሪታንያው ሮክ አጌይንስት ሬሲዝም ነው። በኦገስት 1976 ኤሪክ ክላፕተን በበርሚንግሃም መድረክ ላይ ስደተኞችን የሚዘልፍ ንግግር ካደረገ በኋላ ሬድ ሳውንደርስና ጓደኞቹ ለሙዚቃ ጋዜጦች በጻፉት ደብዳቤ ተጀመረ። የሠሩት ብልሃት ሁለት ነው። አንደኛ፣ የፓንክ ባንድና የሬጌ ባንድ በአንድ ፖስተር ላይ አብረው እንዲወጡ አደረጉ፤ ነጭ ወጣት የራሱን ባንድ ሊያይ መጥቶ ስቲል ፐልስን ሰምቶ ይሄዳል። ፀረ ዘረኝነት ንግግር ከማድረግ ይልቅ መድረኩን ራሱ ያልተለያየ አደረጉት። ሁለተኛ፣ ኤፕሪል 30 ቀን 1978 ባዘጋጁት ትልቅ ካርኒቫል ሰዉ መጀመሪያ ከትራፋልጋር አደባባይ ተነሥቶ ለንደንን አቋርጦ በሰልፍ እንዲሄድ፣ ከዚያ በቪክቶሪያ ፓርክ ዘ ክላሽንና ቶም ሮቢንሰን ባንድን እንዲያይ አደረጉ። ሙዚቃ ወዳዱ ሰልፈኛ ሆኖ ደረሰ። ቀኑም በዘፈቀደ አልተመረጠም፤ የለንደን የአካባቢ ምርጫ ከአራት ቀን በኋላ ነበር። አጋራቸው ፀረ ናዚ ሊግ በየሰፈሩ ቅርንጫፍ ስለነበረው የተነቃቃው ሰው የሚሄድበት ቦታ አገኘ። ብሔራዊ ግንባር የተባለው ዘረኛ ፓርቲ በ1979 ምርጫ ተሽመደመደ፤ የወግ አጥባቂዎቹ መሪ ታቸር ስደተኞችን በተመለከተ ጠንከር ያለ አቋም ይዘው መራጮቹን መውሰዳቸውም የራሱ ድርሻ እንዳለው መካድ አይቻልም።

የእነርሱም ቅሌት ይታወቃል። በሴፕቴምበር 1978 ሁለተኛውን ካርኒቫል በደቡብ ለንደን ብሮክዌል ፓርክ ሲያዘጋጁ ብሔራዊ ግንባር በዚያው ቀን ወደ ምሥራቅ ለንደን ሰልፍ ጠራ። ብዙ ሺህ ፀረ ዘረኞች ፓርክ ውስጥ ሙዚቃ ሲሰሙ ሰልፉን ለመመከት በምሥራቅ ለንደኑ ብሪክ ሌን ላይ የቆመው ሰው ጥቂት ሆነ። ትልቅ ዝግጅት ያለውን ሰው ሁሉ ይውጣል፤ በዚያ ቀን ፍርድ ቤት ወይም ምክር ቤት ደጃፍ ሰው የሚያስፈልግበት ጉዳይ እንዳይኖርባችሁ የጊዜ ሰሌዳችሁን ተመልከቱ፣ ካለም ቢያንስ አንድ ቡድን ከኮንሰርቱ ሥራ ውጭ አድርጉ።

ዘፈንን ከፓርቲ ጋር ማሰር ሌላው ወጥመድ ነው። በ1985 ቢሊ ብራግና ፖል ዌለር ያሉበት የብሪታንያ ሙዚቀኞች ስብስብ፣ ሬድ ዌጅ፣ ወጣቱ የሌበር ፓርቲን እንዲመርጥ ተነሣ፤ ሌበር በ1987 ተሸነፈ፣ ስብስቡም በ1990 ፈረሰ። ከዚያ ብዙ ዓመት በፊት፣ በ1941፣ አልማናክ ሲንገርስ የተባለው የግራ ዘመም ዘፋኞች ቡድን አባላት አሜሪካ ጦርነት እንዳትገባ የሚቀሰቅስ አልበም አወጡ፤ በጁን ወር ጀርመን ሶቪየት ኅብረትን ስትወር የግራው አቋም በአንድ ሌሊት ተገለበጠና አልበሙ ከገበያ ተሰበሰበ። ጉዳያችሁ የኪራይ ሕግ ከሆነ ጉዳዩ ላይ ቆዩ፤ ፓርቲዎች ወደ እናንተ ይምጡ።

የለንደኑ ዌምብሌይ ስታዲየም ኮንሰርት፣ ጁን 11 ቀን 1988፣ የተለየ ስሌት ነበረው። ለኔልሰን ማንዴላ ሰባኛ ዓመት ልደት ተብሎ ስለተሰየመ ከ60 በላይ አገሮች አሰራጩት፤ «የፀረ አፓርታይድ ኮንሰርት» ቢባል ብዙዎቹ ቴሌቪዥን ጣቢያዎች አይነኩትም ነበር። ዋጋም አስከፍሏል፦ በአሜሪካ ያስተላለፈው ጣቢያ ፖለቲካ ያላቸውን ክፍሎች ቆራርጦ አወጣ። ስርጭት በሰፋ ቁጥር መልእክቱ ይሳሳል። በሚሊዮን የሚቆጠር ሰው የእስረኛውን ስም እንዲያውቅ ከፈለጋችሁ ይህ ያዋጣል፤ የአንድ ከተማ ምክር ቤት ድምፅ እንዲሰጥ ከፈለጋችሁ ግን አራት መቶ የዚያ ከተማ ተከራይ ይበልጥባችኋል። አነስተኛ ንቅናቄዎች ሲሳሳቱ የማየው እዚህ ላይ ነው፤ ዌምብሌይን ያልማሉ።

ገንዘብ። በነጻ የሚዘፍን ድምፃዊ ነጻ ኮንሰርት አይደለም። ድምፅ ማጉያው፣ መብራቱ፣ ባንዱ፣ የመድረክ ሠራተኛው፣ ትራንስፖርቱ፣ ጥበቃው፣ ኢንሹራንሱ፣ አዳራሹ ይከፈልባቸዋል። የእኔ መለኪያ ይህ ነው፦ ጠቅላላ ወጪው በግማሽ አዳራሽ ትኬት ካልተሸፈነ አትግቡበት። 800 ሰው የሚይዝ ከሆነ 400 ትኬት ወጪውን መዝጋት አለበት። ከዚያ በላይ የሚሸጠውን ትርፍ ብላችሁ አትቁጠሩ፤ ሩብ ያህሉ በመጨረሻው ሳምንት በማይጠበቅ ወጪ ይሄዳል። ካልሞላ ትንሽ አዳራሽ ያዙ። 300 ሰው የሚይዝ የሞላ አዳራሽ ለፎቶም ለስሜትም 1000 ሰው ከሚይዝ ግማሽ ባዶ አዳራሽ ይበልጣል።

ሂሳቡን የሚቀበለው አካል ትኬት ከመሸጡ በፊት ይወሰን። ጆርጅ ሃሪሰንና ራቪ ሻንካር ኦገስት 1 ቀን 1971 በኒው ዮርክ ለባንግላዴሽ ስደተኞች ኮንሰርት አዘጋጅተው የበሩን ገቢ 243 ሺህ ዶላር ያህል ለዩኒሴፍ ወዲያው ሰጡ። ከአልበሙና ከፊልሙ የመጣው ብዙ ሚሊዮን ግን ዝግጅቱ አስቀድሞ በበጎ አድራጎት ድርጅት ስም ስላልተመዘገበ በአሜሪካ የግብር መሥሪያ ቤት ለዓመታት ተያዘ። አሜሪካ ውስጥ ካላችሁ ሌላም ሕግ አለ፦ ከግብር ነጻ የሆነ የበጎ አድራጎት ድርጅት ለምርጫ እጩ መቀስቀስ ፈጽሞ የተከለከለ ነው፤ ድምፃዊው መድረክ ላይ የአንድ እጩ ስም ቢጠራ መዘዙ ወደ እናንተ ሊዞር ይችላል። አስቀድማችሁ ንገሩት።

አሁን ዋናው፣ በሩ። ሰው በጣም የሚሰለቸውና ለማነጋገር ምቹ የሚሆነው ወረፋ ላይ ነው፤ ሙዚቃው ካለቀ በኋላ ሁሉም ወደ ቤቱ ይሮጣል። በ2004 የተመሠረተው ሄድካውንት ኮንሰርት ላይ መራጭ የሚመዘግበው በጎ ፈቃደኞችን ወደ ሰዉ መሃል በመላክም ነው እንጂ ጠረጴዛ ተክሎ በመጠበቅ ብቻ አይደለም። ለ50 ሰው ወረፋ አንድ ሰው ይመደብ። ቅጹ ስም፣ ስልክ፣ ሰፈር፣ «ምን ልትሠራ ትችላለህ» ብቻ ይሁን፤ ከአንድ ደቂቃ ተኩል አይለፍ። የኢንተርኔት መስመር በሰው ብዛት ስለሚጨናነቅ ኪውአር ኮድ ላይ ብቻ አትተማመኑ፤ ወረቀትና እስክሪብቶ ይኑር። የመድረክ ንግግር አንድ ጊዜ፣ ከሦስት ደቂቃ ያልበለጠ፣ ከዋናው ዘፋኝ በፊት ይሁን፤ የሚናገረውም ከቤቱ የተባረረ ተከራይ ቢሆን ከሊቀመንበሩ ይበልጣል። አንድ ነገር ብቻ ይጠይቅ። በባንድ መለዋወጫው 15 ወይም 20 ደቂቃ ላይ በጎ ፈቃደኞቹ እንደገና ይሰማሩ። የዚያው የተማሪዎች ኮሚቴ ዘፋኝ ቡድን፣ ፍሪደም ሲንገርስ፣ በ1962 ሲመሠረት ዘፋኞቹ ራሳቸው በጆርጂያ ከሚገኘው የኦልባኒ ከተማ ትግል የመጡ አደራጆች ስለነበሩ በዘፈን መሃል የሚነግሩት የትናንቱን እስር ነበር፤ አዳራሹ ለዚያ ነው ኪሱን የፈታው።

የተሰበሰበው ስም በ48 ሰዓት ውስጥ ስልክ ሊደወልለት ይገባል። በሳምንቱ ከደወላችሁ ግማሹ የት እንደፈረመ ረስቷል። ስለዚህ ደዋዮቹ፣ ሰዉ የሚጠራበት ቀጣይ ስብሰባ፣ ቦታውና ሰዓቱ ሳይቀር ከኮንሰርቱ በፊት ተዘጋጅተው መጠበቅ አለባቸው።

ከድምፃዊው ጋር ወዳጅነት ቢኖርም ውል ጻፉ። አብዛኛውን ጊዜ ከፕሮሞተር ጋር የገባው ሌላ ውል በአንድ አካባቢ በተወሰኑ ሳምንታት ውስጥ ትኬት በሚሸጥበት ሌላ ዝግጅት ላይ እንዳይጫወት ይከለክለዋል፤ ብዙ በጎ ዝግጅት የሚሰረዘው በዚህ ነው፣ መጀመሪያ ጠይቁት። ሌላው ስፖንሰር ነው። የቤት አከራይ ኩባንያ አርማ መድረኩ ላይ ቢሰቀል ምን እንደሚባል አስቡት፤ ስፖንሰር የመከልከል መብት በጽሑፍ ይኑራችሁ። ዝግጅቱን የመቅረጽና የማሰራጨት ፈቃድም በዚያው ውል ይግባ። የዘፈን ባለቤትነት ሁለት ነው፦ የዜማና ግጥሙ መብት ለብቻ፣ የተቀረጸው ድምፅ መብት ለብቻ። አዳራሹ ለመድረክ ጨዋታ ፈቃድ ቢኖረውም ያው ዘፈን ለቅስቀሳ ቪዲዮ ማጀቢያ ሲሆን ከሁለቱም ባለመብቶች ሌላ ፈቃድ ይፈልጋል። የታወቀ ዘፈን ግጥም ለውጣችሁ ልትቀርጹት ካሰባችሁም የደራሲውን ፈቃድ ጠይቁ፤ ወይም መብቱ ያለፈበትን ዜማ ምረጡ። ከላይ የጠቀስኩት «ዊ ሻል ኦቨርካም» እንኳ በ1960 በባለመብትነት ተመዝግቦ ቆይቶ ለሁሉም ክፍት የሆነው በ2018፣ በፍርድ ቤት ክርክር ማብቂያ ላይ በተደረሰ ስምምነት ነው።